«ቤት» የምትል ልጅ «ቢት» ብላ ስታነብ፦ በባሕር ማዶ ለሚያድጉ ልጆች አናባቢን ስለ ማስተማር

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ሱባኤ ሊፈጸም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጅዳ የመጣች አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን አስከትላ ወደ ንባብ ቤቱ መጣች። የኔታ እንደ ልማዳቸው ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። እናቲቱ ጉልበታቸውን ስማ፣ «የኔታ፣ ይህች ልጄ ፊደሉን በቃሏ ቆጥራ ጨርሳለች፤ ማንበብ ግን እንቢ አላት። ምን እንደ ነካት ይዩልኝ» አለቻቸው። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

የኔታ የንባብ መጽሐፉን ገልጠው በጭራቸው ዘንግ አንድ ቃል አመለከቷት። ቃሉ «ቤት» ነበር፤ ልጅቱ «ቢት» አለች። «ሎሚ» የሚለውን «ሉሚ»፣ «ልብ» የሚለውን «ሊብ»፣ «ሰማይ» የሚለውን «ሳማይ» ብላ አነበበች። በእያንዳንዱ ቃል የእናቲቱ ፊት ይጨልም ነበር። የኔታ ግን መጽሐፉን ከደኑና ስለ ሌላ ነገር ጠየቋት፤

«ጅዳ ስትኖሩ ወዴት ነው የምትጫወቺው?»

«ውጭ አልወጣም፤ ቤት ነው የምጫወተው።»

«ሻይስ ትጠጫለሽ?»

«አዎ፣ በሎሚ።»

የኔታ ወደ እናቲቱ ዞር ብለው፣ «ሰማሽ? ቤትንም ሎሚንም እንደ እኔና እንዳንቺ ነው የምትጠራው። አፏ ያውቃል፤ ዓይኗ ነው ያልደረሰበት» አሏት።

እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው በዚያ ቀን ባየነውና በሰማነው ነው። ወደ ገዳማችን ለመሳለም ከሚመጡት ምእመናን መካከል ከዐረብ አገር የሚመጡት ጥቂቶች አይደሉም፤ ብዙዎቹም ይህችን እናት የመሰለ ጭንቀት ይዘው ይመጣሉ። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው መመለሳቸው ይታወሳል። ኢቃማው ዛሬ የታደሰለት ወላጅ ነገ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ፣ ልጁ በድንገት በአገሩ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሰሌዳውን ማንበብ ይችል ይሆን እያለ ያስባል። እናቲቱም ለየኔታ የነገረቻቸው ይህንኑ ነበር፤ «ነገ ውጡ ብንባል ልጄን ከ6 ዓመት ሕፃናት ጋር ያስቀምጡብኛል። አያቷ የምትልክላትን ደብዳቤ እንኳ እኔ ካላነበብሁላት አታውቀውም» አለች።

ሦስት ምልክት የለመደ ዓይን

ልጅቱ በጅዳ የምትማረው በዐረብኛ ነው። ዐረብኛን አቀላጥፋ ታነባለች። ስለዚህ ችግሯ ማንበብ አለመቻል ሳይሆን፣ አንዱን የአነባበብ ልማድ ይዛ ወደ ሌላው መግባቷ ነው።

ዐረብኛ በመጽሐፍ ሲጻፍ አጫጭር አናባቢዎችን የሚያሳዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ከፊደሉ በላይ የሚሰመረው ፈትሓ፣ ከፊደሉ በታች የሚሰመረው ከስራ፣ ከፊደሉ በላይ እንደ ትንሽ ቀለበት የሚጠቀለለው ደምማ። ድምፃቸውም ወደ ኣ፣ ወደ ኢ እና ወደ ኡ የሚጠጋ ነው። አናባቢ የሌለው ፊደል ደግሞ ሱኩን የተባለች ትንሽ ክብ ከላዩ ትደረግበታለች። የእኛ ፊደል ግን ሰባት ድምፅ አለው፤ ኧ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ። ልዩነቱም ተለጥፎ በሚመጣ ምልክት ሳይሆን በራሱ በፊደሉ አካል ላይ ይታያል።

ሦስት መደርደሪያ ለምዶ ሰባት ዕቃ የመጣበት ሰው የቀረውን በሚቀርበው መደርደሪያ ላይ ይደርበዋል። ልጅቱም ያደረገችው ይህንን ነው። ኤን ከኢ፣ ኦን ከኡ፣ ኧን ከኣ ጋር አስቀመጠች፤ ሳድሱን ደግሞ ሥፍራ ስላጣችለት ወደ ኢ አስጠጋችው። ስሕተቷ ሁሉ ሥርዓት ያለው ስሕተት ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት የአእምሮ መዘጋት ምልክት አይደለም፤ ይልቁንም ልጁ የሚያውቀውን ይዞ የማያውቀውን ለመረዳት እየታገለ መሆኑን ያሳያል።

ለዚህ ችግር የእኛም የማስተማሪያ ልማድ ድርሻ አለው። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ» እያሉ በዜማ መቁጠር ለማስታወስ እጅግ ይረዳል። ነገር ግን ስሞቹ የድምፁን ተራ ቁጥር እንጂ ጠባዩን አይናገሩም። ካዕብ ማለት ሁለተኛ፣ ሣልስ ማለት ሦስተኛ ነው፤ አፍ ምን እንደሚሆን አያመለክትም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ቤት የ«ሀ» ቤት መሆኑ ለጀማሪ እንቅፋት ነው። «ሀ» እና «ሃ» በንባብ አንድ ድምፅ ስለሆኑ፣ ግዕዝና ራብዕ ይለያያሉ የተባለው ልጅ ገና በመጀመሪያው መስመር ሳይለያዩ ያገኛቸዋል። በ«ሐ»፣ በ«ኀ»፣ በ«አ» እና በ«ዐ» ቤትም እንደዚሁ ነው።

የቀደሙት መምህራን በቃል ብቻ መቁጠር የሚያመጣውን ጉዳት አልሳቱትም። ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አለማወቁን ለመፈተን «አቡጊዳ ሄውዞ» የሚለውን ሁለተኛ አቈጣጠር አዘጋጅተውልናል። በዚያ አቈጣጠር ተነባቢውም አናባቢውም በአንድ ጊዜ ስለሚለዋወጥ ዓይን የግድ መሥራት አለበት። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉት የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ እኛ ያለውን የአጻጻፍ ዓይነት በዓለም ቋንቋዎች ጥናት «አቡጊዳ» ብለው የሰየሙት ከዚሁ ከልጅነት ቃላችን ወስደው ነው።

ከሹዐይባ ማዶ

በዚህ ነገር ላይ የሁለቱ ባሕር ዳርቻዎች ታሪክ የተያያዘ መሆኑን ማወቅ ለወላጅም ለልጅም ደስ ያሰኛል።

ጥንት ግዕዝም በተነባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከንጉሥ ኢዛና ዘመን ከቀሩልን የድንጋይ ጽሑፎች መካከል አናባቢ የሌላቸውም አናባቢ ያላቸውም ይገኛሉ፤ ታላቁ ለውጥ በአንድ ንጉሥ ዘመን ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ከመካ ወጥተው ከጅዳ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከሹዐይባ ወደብ ተሳፍረው ወደ አክሱም ንጉሥ ምድር እንደ ተሻገሩ ይነገራል። ጅዳ ራሷ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ647 በኸሊፋ ዑሥማን ዘመን ነው። እነዚያ ስደተኞች የገቡበት አገር አናባቢውን በፊደሉ አካል ላይ መጻፍ ከጀመረ ዘመን ያለፈው አገር ነበር። በዚያን ጊዜ የዐረብኛ ጽሕፈት አጫጭር አናባቢዎችን የሚያሳይ ምልክት ገና አላበጀም ነበር።

ዐረቦችም በኋላ ለዚህ መላ ሲፈልጉ የጀመሩት ከአፍ ነው። ትውፊታቸው እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ688 አካባቢ ያረፉት የበስራው ሊቅ አቡ አል-አስወድ አድ-ዱአሊ ጸሐፊያቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው አፋቸውን እንዲመለከት አዘዙት። አፋቸውን ሲከፍቱ ከፊደሉ በላይ፣ ወደ ታች ሲሰብሩ ከፊደሉ በታች፣ ከንፈራቸውን ሲሰበስቡ ከፊደሉ አጠገብ ነጥብ እንዲያደርግ ነገሩት። በጥንታውያን የቁርኣን ብራናዎች ላይ እነዚህ ነጥቦች በቀይ ቀለም ይታያሉ። ዛሬ የምናያቸውን ትንንሽ ምልክቶች ያበጁት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ እንደሆኑ ይነገራል። የምልክቶቹ ስም ግን ያንኑ አፍ እንደ ያዘ ቀረ፤ ፈትሓ መክፈት፣ ከስራ መስበር፣ ደምማ መሰብሰብ ማለት ነው። «ፈትሐ» የሚለውን ቃል ግዕዝ የሚያውቅ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በመካ ይሁን በወሎ በቁርኣን ቤት የተቀመጠ ሕፃን «አሊፍ ፈትሓ አ፣ አሊፍ ከስራ ኢ፣ አሊፍ ደምማ ኡ» ሲል፣ በጎጃም የንባብ ቤት የተቀመጠው ደግሞ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል። ሁለቱም በዜማ ይቈጥራሉ፤ የሚለያዩት አንዱ የአፍን ሥራ፣ ሌላው ተራውን በመጥራት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ልጅ አፉን መመልከት ለምዶ የመጣ ልጅ ነው።

የኔታ ተማሪ ሲሆኑ

በማግሥቱ ልጅቱ ስትመጣ የኔታ መጽሐፍ አላወጡም። መሬቱን በእጃቸው ደልድለው እንጨት ሰጧትና «እኔ ዐረብኛ አላውቅም፤ ዛሬ አንቺ መምህር ሁኚ። ቤት በዐረብኛ ምን ይባላል?» አሏት። ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላ ፈገግ ብላ «ቤት» አለች።

«የእኛውን ነው እንዴ የምትነግሪኝ?»

«አይደለም የኔታ፣ በዐረብኛም ቤት ነው።»

«በይ ጻፊልኝ።»

ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ፊደል ጻፈች፤ ባ፣ ያ፣ ታ። የኔታ በዘንጋቸው እየጠቆሙ «ኤው የት አለ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አየች፤ ደግማ አየች። ከባ በላይ ያለው ፈትሓ ነው፤ ከያ በላይ ያለው ሱኩን ነው። «መጽሐፉ ‹በይት› ነው የሚለው። እኛ ስናወራ ነው ‹ቤት› የምንለው» አለች። የኔታ በአጠገቡ «ቤ» የሚለውን ፊደል ጽፈው እግሩ ላይ ያለውን ቀለበት አሳዩዋት። «አየሽ፣ በጅዳ መንገድ ላይ የሰማሽውን ኤ መጽሐፍሽ አልጻፈልሽም፤ ይህ ቀለበት ግን ይጽፍልሻል።»

ይህ በእውነት የቋንቋ ታሪክ የሚመሰክረው ነው። በግዕዝ «በይት» የነበረው ጥንታዊ ቃል «ቤት»፣ «የውም» የነበረው «ዮም» ሆኗል። የጅዳና የመካ ሰዎች በሚናገሩት የሒጃዝ ዐረብኛም ያው ለውጥ ደርሷል፤ ቤትን «ቤት»፣ ቀንን «ዮም»፣ ሌሊትን «ሌል»፣ የት የሚለውን «ፌን»፣ ውኃን «ሞያ» ይላሉ። በቅዳሴና በመዝሙር «ዮም» ሲባል የሰማ ልጅ በጅዳ ሱቅ የሰማው ቃል ዘመድ መሆኑን ቢነገረው አይረሳውም። እንግዲህ ኤ እና ኦ ለልጅቱ እንግዳ አልነበሩም፤ በሁለቱም ቋንቋ በጆሮዋ ነበሩ። የጎደላት የሚታይ ምልክት ነበር፤ ፊደላችን ያንን ይሰጣታል።

እናቲቱ ይህን ስትሰማ ያሰበችውን ነገር ተናዘዘች። ልጇ አማርኛ እንዲገባት ብላ በቤት ውስጥ ዐረብኛ እንዳትናገር ልትከለክላት ወስና ነበር። የኔታ «አትከልክያት፤ የቆመችበትን ድልድይ አታፍርሽባት» አሏት።

በቤት የሚሠሩ አምስት መላዎች

የኔታ ለእናቲቱ የሰጧትን ምክር ሌሎች ወላጆችም እንዲጠቀሙበት በተራ ጽፈነዋል። ሰሌዳም ልዩ መጽሐፍም አያስፈልገውም። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ልጁ ሳይሰለች ማቆም ይገባል።

አንደኛው፣ አፍን ማሳየት ነው። ወላጅና ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ወላጁ ድምፅ ሳያወጣ አፉን ብቻ ያበጃል፤ ልጁ የትኛው ድምፅ እንደሆነ ይገምታል። ለኣ አፍ በሰፊው ይከፈታል፤ ለኡ ከንፈር ይሰበሰባል፤ ለኢ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል። በእነዚህ በሦስቱ መጀመር ይገባል፤ እርስ በርሳቸው የራቁ ስለሆኑና ልጁም በዐረብኛ ስለሚያውቃቸው ነው። ቀጥሎ ኤ ይመጣል፤ ከኢ ላይ አገጭን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ኦም ከኡ ላይ እንደዚያው ነው። ከእነዚህ በኋላ ኧ፣ በመጨረሻ እ ይከተላሉ። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ልጁ አፉን ያበጃል፣ ወላጅ ይገምታል። ወላጅ ሲሳሳት ልጁ ይስቃል፤ ሣቁም ትምህርቱን ያጸናለታል።

ሁለተኛው፣ ሰባቱን ድምፆች በቤት ዕቃና በጓዳ ቃል መያዝ ነው። በ«በ» ቤት፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ። በ«ሰ» ቤት፦ ሰዓት፣ ሱሪ፣ ሲኒ፣ ሳሙና፣ ሴት፣ ስኳር፣ ሶፋ። ልጁ «ቡ» የቱ እንደሆነ ሲጠፋበት «የቡና ቡ» ይባላል። በዐረብ አገር ላለ ልጅ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይጨመራል፤ አንዱን ቃል በሁለቱ ቋንቋ እየጠሩ የተለወጠውን አናባቢ ማደን። ስኳር በዐረብኛ «ሱከር» ነው፤ ሙዝ በጅዳ «ሞዝ» ነው፤ ዘይት በመጽሐፍ «ዘይት»፣ በመንገድ «ዜት» ነው። «ምኑ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ጆሮን ከተነባቢው አላቅቆ ወደ አናባቢው ያዞረዋል።

ሦስተኛው፣ አናባቢውን በቀይ መቀባት ነው። ወላጁ በጥቁር እርሳስ «በ» ይጽፋል፤ ልጁ በቀይ ይጨምርበታል። በ«ቡ» ላይ ከወገቡ የወጣችውን ቅጥል፣ በ«ቢ» ላይ ከእግሩ የወጣችውን፣ በ«ባ» ላይ የረዘመውን የቀኝ እግር፣ በ«ቤ» ላይ ቀለበቱን፣ በ«ቦ» ላይ የረዘመውን የግራ እግር ያቀላል። ይህ ሥርዓት በ«ሰ»፣ በ«ከ»፣ በ«ዘ» እና በሌሎችም ብዙ ቤቶች ስለሚደጋገም፣ ልጁ በ«በ» ቤት ያየውን በሌላው ራሱ ሲያገኘው ይደሰታል። ሳድስ ግን በየቤቱ ጠባዩን ይለውጣል፤ እንደ «ረ» ያሉትም ያፈነግጣሉ። እነዚህን እንደ አመፀኛ ልጆች እየሳቁ ለብቻ መማር ነው። በአማርኛ ገበታችን 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ይሆናል፤ ሥርዓቱን ያወቀ ልጅ ግን 231 ነገር አይሸመድድም።

አራተኛው፣ አናባቢ ትርጉም እንደሚለውጥ ማሳየት ነው። የኔታ መሬት ላይ አምስት ቃል ጻፉ፤ በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ብላ። ልጅቱ «ቢላ» የሚለውን ስታነብ ቢላዋ እንደ ያዘ ሰው እጇን ታንቀሳቅሳለች፤ «ብላ» ስትል ጉርሻ ትዘረጋለች፤ «ባላ» ስትል ክንዶቿን እንደ ቅርንጫፍ ትከፍታለች። አናባቢውን ከሳተች እጇና ቃሉ አይገናኙም፤ ራሷ ታርማለች። በዚያ ቀን የኔታን «ቡላ» ልታጎርሳቸው ብላ «ቢላ» አጎረሰቻቸው፤ እርሳቸውም አፋቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቱ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ የሰማናት ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛው፣ ሳድስን በጭብጨባ መያዝ ነው። ሳድስ ከሰባቱ ሁሉ የሚያስቸግረው አንዳንዴ ድምፅ ስላለው፣ አንዳንዴ ስለሌለው ነው። «ልብ» ሲባል ሁለቱም ፊደል ሳድስ ነው፤ የሚሰማው አናባቢ ግን በ«ል» ላይ ብቻ ነው። ልጁ ቃሉን እየጠራ አናባቢ በሰማ ቁጥር ያጨብጭብ። «ልብ» አንድ ጭብጨባ ነው፤ «ትምህርት» አምስት ፊደል ሆኖ ሁለት ጭብጨባ ነው፤ «ብርቱካን» ሦስት። ሱኩን የሚያውቅ ልጅ ዝም ባለው ሳድስ ላይ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያድርግበት። «ሊብ» ይል የነበረ ልጅ «ብ» ላይ ሱኩን እንዳለ ሲያይና «ል»ን በእ ሲጀምር ቃሉ ይስተካከልለታል። ክቧ ግን እንደ ሕፃን መሄጃ ናት፤ ልጁ ሲጸና መደምሰስ አለባት።

በመጨረሻ ለኧ እና ለኣ አንድ ቁልፍ ቃል አለ። እርሱም «ሰላም» ነው። በዐረብኛ ሲጻፍ ሲን ላይ አጭር ፈትሓ አለ፤ ላም ላይ ግን ፈትሓውን አሊፍ ተከትሎ ያስረዝመዋል፤ ሚሙ ይቆማል። በእኛ ፊደል አጭሩ ግዕዝ ሆኖ «ሰ»፣ ረጅሙ ራብዕ ሆኖ «ላ»፣ የቆመው ሳድስ ሆኖ «ም» ይጻፋል። ልጅቱ ይህን ቃል በሁለቱ ጽሕፈት ጎን ለጎን ስትጽፍ፣ «ሰማይ»ን ለምን «ሳማይ» እንዳለችው ገባት፤ ሰ ላይ አሊፍ ጨምራ ነበር ያነበበችው።

ከጅዳ የመጣ ወረቀት

እናትና ልጅ ከሱባኤው በኋላ ወደ ጅዳ ተመለሱ። በኅዳር ወር እናቲቱ በእንግዳ ማረፊያችን ስልክ መልእክት ላከችልን። አንዲት የወሎ ተወላጅ ሙስሊም ጎረቤት ነበረቻት፤ በባሏ ሥራ ምክንያት መካ ብትገባም ወዳጅነታቸው አልቀረም። ያች ሴት ዐርብ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጇን ይዛ ወደ ጅዳ ትመጣለች። ልጁ መካ ቁርኣን የሚቀራ በመሆኑ የፈትሓንና የሱኩንን ሥርዓት ከልጅቱ አብልጦ ያውቃል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አንዱንም አያውቅም ነበር። አሁን ሁለቱ ልጆች ወለል ላይ ተኝተው ቃል ይለዋወጣሉ። እርሱ ሱኩኑ የት እንደሚገባ ይነግራታል፤ እርሷ ቀለበቱንና ረጅሙን እግር ታሳየዋለች። እናቶቹም ቡና ያፈላሉ። «የመካዋ እኅቴ፣ እኔም ሳልማር የቀረሁትን ከልጄ ጋር ልቁጠረው ብላ ተቀመጠች» ይላል መልእክቱ።

ከመልእክቱ ጋር የአንድ ወረቀት ሥዕል ነበር፤ ልጅቱ ለአያቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ። ከሰባት መስመር አይበልጥም። ለየኔታ አሳየናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ኤው በቦታው፣ ኦው በቦታው ነበር። በአምስተኛው መስመር ላይ ግን «እንጀራ በላሁ» ለማለት «እንጀራ ባላሁ» የሚል ተጽፏል። የኔታ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና፣ «ግዕዙ ገና ነው፤ በ‹ሰላም› ይመልሱት በሏት። ለአያቲቱ ግን እንዳለ ይላክ፤ አታርሙት» አሉን።

እንዳዘዙት አደረግን። ዘንድሮ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ ምእመናን የየኔታ መልእክት ይህ ነው፦ ልጁ ያላወቀውን ከመቁጠራችሁ በፊት የሚያውቀውን ጠይቁት። በዚያ አገር የሚማርበት የዐረብኛ መጽሐፍ ካለውም ቤት ትታችሁት አትምጡ፤ ይዞት ይምጣ። የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር አሉ፤ አንድ ሁለት ቃልም ለመማር ዝግጁ ናቸው።